ኔሪቶች ቅሬ ፊት ቀረቡ

ኔሪቶች የሉም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። በየትኛውም ሰማይ፣ በየትኛውም ኮከብ ላይ ኔሪት የሚባል ፍጡር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። አስተግፊሩላህ! «ፈጠርኳቸው» ስል እናቴ ትቆጣለች፤ ያሰብኳቸው እኔ ነኝ ልበል። ይህንኑ ቃል ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ በሰፈራችን ቅሬ ፊት ቆሜ፣ በአላህ ስም ምዬ ተናግሬዋለሁ። ያመነኝ ሰው አልነበረም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሐያት እባላለሁ። ነገሩ ሲሆን ከዓረብ ሀገር ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሞባይል ካርድና ቻርጀር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባጃጆች ተሳፋሪ እየጠበቁ በሬን ይዘጉብኛል፣ እኔም እየተነሳሁ እጮህባቸዋለሁ፣ እነሱም እየሳቁ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬን አወጣና እጽፋለሁ። የምጽፈው ስለ ኔሪቶች ነው።

ከየት እንደመጡልኝ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው። ዓረብ ሀገር አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አልደበደቡኝም፣ አላስራቡኝም፣ ደሞዜንም አልከለከሉኝም። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ዕድለኛ ነሽ» ይለኛል። ዕድለኛ! በዚያ ሁሉ ዓመት እጄን የነካ ሰው አልነበረም። ዕቃ ሲሰጡኝ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔም ከጠረጴዛው ላይ አነሳለሁ። ሰላምታው ከበር ላይ ነው። አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ሳለ፣ አሁን እዚህ ብሞት እኔ የሚባል ሰው እንደነበር የሚያውቅ ማነው ብዬ አሰብኩ። ሸሚዙ ተቃጠለ። ኔሪቶች የመጡት ያን ቀን ነው።

ኔሪቶች ሁለት ፀሐይ ባላት ዓለም ላይ፣ ከጥልቅ ውኃ ሥር ይኖራሉ። ስድስት እጅ አላቸው፣ አፍ የላቸውም። የሚነጋገሩት ቆዳቸው ላይ በሚመላለስ ቀለም ነው። ከእኛ እጅግ የላቁ አዋቂዎች ናቸው፤ ነገር ግን መጽሐፍ የሚባል አያውቁም፣ አያስፈልጋቸውምም። አንድ ኔሪት ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ገላውን ይነካል፤ ያን ጊዜ የሟቹ ትዝታ፣ ያየውም የሰማውም የወደደውም፣ በነካው ሰው ውስጥ ይገባል። («ሰው» አልኩ፤ እንግዲህ ለኔ ሰው ናቸው።) ስለዚህ ሞት እነሱ ዘንድ መጥፋት አይደለም። የሚጠፋው ያልተነካ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ካልጀመረ ሌላው እጁን አይዘረጋም።

በቴሌግራም በክፍል በክፍል እለቀው ነበር። አንባቢዎቼ አብዛኞቹ እንደኔው ዓረብ ሀገር ያሉ ልጆች ናቸው። በአንዱ ክፍል ከሌላ ውኃ የተመለሰች ኔሪት ታማ መጣች ብዬ ጻፍኩ። ቆዳዋ ማንም የማያውቀው ቀለም ያወጣ ነበር። ስትሞት ሽማግሌው ቀለሙ ይጋባብኛል ብሎ ፈራና ጀርባውን ሰጠ። ሌሎቹም አይተው ጀርባቸውን ሰጡ። ጠፋች። ይህችን ክፍል አንድ የማላውቀው ልጅ ከሥር በአምባሰል ቅኝት ክራር አስገብቶባት፣ ከመሐል ቆራርጦ በቲክቶክ አነበባት። ከዚያማ ጂዳ ያለው ለሐይቅ፣ ሐይቅ ያለው ለጂዳ ሲላላከው ከረመ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ካርድ ሊገዛ መስሎኝ ነበር።

«ነገ ጧት እናትሽን ይዘሽ ቅሬው ፊት ትቀርቢያለሽ» አለኝ።

«በምን ጉዳይ?»

ወረቀት የሚያነብ ይመስል ኮስተር አለና «በኔሪት ጉዳይ» አለ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሥራ ይቆማል፤ መቃብር ቆፋሪው፣ ተሸካሚው፣ አጣቢው ይመደባል። ያጠፋ ሰው ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከከፋ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ቤት ሰው ቢሞትበት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ የሚቆፍርለት የለም፣ የሚያስተዛዝነው የለም። በቁሙም ቢሆን ሰላምታ ያጥርበታል። ለኔ ለወጣቷ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። እናቴ ግን ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ክረምቱን ሁለት ጊዜ ደሴ ሆስፒታል አስተኝቻታለሁ። ደግሞም ፋጡማ የምትባል ሴት፣ ዕድሜ ልኳን የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ ያጠበች፣ ከፈን የሰፋች፣ እሷ ስትሞት የሚያጥባት ትጣ? ለዚህ ነው ሳይመሽ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት የሮጥኩት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ኔሪቶችን አልፎ አልፎ በጨዋታ ነግሬያት «አፍ ከሌላቸው ምን ይበላሉ?» ከማለት ያለፈ ነገር አልጠየቀችኝም ነበር። ያን ዕለት ግን የከሰሱኝ በየትኛው ክፍል እንደሆነ ስነግራት የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጀርባ መስጠቱን።»

«ማንም አልነገረኝ እማ። ከራሴ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«እንግዲያው አላህ ነው የነገረሽ» አለችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። ብለምናት፣ ብቆጣት ሌላ ቃል አልወጣትም። እሷም አላመነችኝም ብዬ አኮረፍኩ። ሌላው ቢቀር እናቴ! አንዲት የሐይቅ ልጅ፣ አንዲት ካርድ ሻጭ፣ ከገዛ ጭንቅላቷ አንድ ነገር አሰበች ብሎ ማመን ይህን ያህል ምኑ ያስቸግራል? ከተማ ያለ ሰው ቢጽፈው «ምናብ» ይሉታል። እኔ ስጽፈው «ማን ነገረሽ» ይሆናል።

እሁድ ጧት፣ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ሲመለሱ፣ ቅሬው ሁልጊዜ የሚሰበሰብበት ግራር ሥር ደረስን። ከታች ሐይቁ ይታያል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እኔ መሐል ቆምኩ፤ እናቴ እንዳትቆም ከሴቶቹ ፊት ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ናቸው። ጺማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። «አንቱ» እያልኩ የምጽፈው እናቴ እንደዚያ አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ ዛሬ ዛሬ ያ ቃል አፌ ላይ ይጎረብጠኛል።

«ሐያት ልጄ» አሉኝ፤ «የቅሬ አባል ሰድበሻል ተብለሽ ተከሰሻል።»

«ማንን ሰደብኩ?»

«እኔን።»

ገና አፌን ሳልከፍት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ሙሄ ከመሐል ብድግ አሉ። «ይቅርታ አያ ይመር፣ አንቱን አይደለም። እኔን ነው የሰደበችው። ሰው ሁሉ ገብቶታል።»

አያ ይመር ግራ ገብቷቸው ዞረው አዩዋቸው። ወዲያው ደግሞ ከሴቶቹ ወገን እትዬ ዘምዘም ተነሱ። «ኧረ በአላህ፣ ምን ነካችሁ? 'መጀመሪያ የሚነካው' አይደል የሚለው? በዚህ ሰፈር የሴት ጀናዛ መጀመሪያ የሚነካው ማን ነበር? እኔ አይደለሁም? የሰደበችው እኔን ነው!»

ከወጣቶቹ በኩል ሳቅ ተነሳ። እኔም ራሴ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች አንድ የውኃ ውስጥ ፍጡር እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ብለው ሲሻሙ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እስቲ ልጠይቃችሁ» አልኩ፤ ንዴቱና ሳቁ አፌ ውስጥ ተደባልቀውብኝ። «ከሦስታችሁ ስድስት እጅ ያለው ማነው? አፍ የሌለውስ? አፍ እንኳ አላችሁ፣ እያየሁት ነው።»

«ሥርዓት ያዢ!» አሉኝ አያ ይመር።

ያን ጊዜ አባባ አስፋው በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። አባባ አስፋው የሰፈሩ አሮጌ ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ ከቅሬው ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄን ነገር ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ማነው?» አሉ።

ሁሉም ተያየ። «ልጄ በስልክ አሰማኝ» አሉ አቶ ሙሄ። «የእህቴ ልጅ ነገረችኝ» አሉ እትዬ ዘምዘም። አያ ይመር ጺማቸውን ዳበሱ።

«ታዲያ ያልሰማነውን እንዴት እንፈርዳለን? ልጅቱ እዚሁ ታንብብልን» አሉ አባባ አስፋው።

ስልኬን አወጣሁ። ሁለቱን ፀሐይ አነበብኩ፣ ውኃውን አነበብኩ፣ ያቺ ኔሪት ከሌላ ውኃ ስትመለስ የሰፈሯን ድንጋይ አንድ በአንድ በስድስት እጇ እየዳበሰች «አለሁ» ያለችበትን አነበብኩ። ቀስ በቀስ ሳሉ ጠፋ፣ ሹክሹክታው ጠፋ። ሽማግሌው ጀርባውን የሰጠበት ላይ ስደርስ ከሴቶቹ መሐል አንዷ «አላህ ይዘንላት» አለች። ለሌለች ፍጡር! ወላሂ ዕንባዬ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዓለም ላይ ከኔ የተደሰተ ደራሲ አይኖርም ነበር።

አንብቤ ስጨርስ አንድ ጎልማሳ «ታዲያ እንዲሁ ተዋት? ሽማግሌ አልላኩበትም?» ሲል ጮክ ብሎ ጠየቀ። «የሚልክ ከየት ይመጣል፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ!» አለው ጎኑ ያለው። «ዘመድ የላትም ወይ?» አለች አንዲት ሴት። ቅሬው የሰው ክርክር ትቶ የኔሪቶችን ጉዳይ ያዘ። ይህ መሳቂያ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው አልተቀበረም ከተባለ የኛ ሰው የት ነው፣ ፍጡሩ ምንድነው አይልም፣ ለምን አልተቀበረም ነው የሚለው። ያን ቅጽበት ወደድኳቸው።

አያ ይመር ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«በቃ! ሰምታችኋል» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «አሁን እውነቱን ተናገሪ። ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ከራሴ አስቤ ነው።»

«ሰው የሌለን ነገር ከራሱ አያስብም። የነገረችሽ እናትሽ ናት።»

«እናቴ ምኑን ነው የምትነግረኝ? እናቴ ኔሪት የት ታውቃለች?»

እናቴን አየኋት፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። እዚህ ግራር ሥር እኔ ብቻ የማላውቀው አንድ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

አያ ይመር ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ተንሾካሾኩና ፍርዱን ተናገሩ። ድምፃቸው እንደገና ለስለስ አለ። «እኛ ክፉዎች አይደለንም፣ ያንቺንም ቤት ማፍረስ አንሻም። ይህን ነገር ቀጥለሽ ጻፊ። ሽማግሌው ተመልሶ መጣ፣ ልጅቱን ነካት፣ ሌሎቹም ነኳት ብለሽ ጻፊ። ያን ያየ ሁሉ ይህንንም ይየው። ያን ጊዜ ነገሩ ያልቃል። እምቢ ካልሽ ግን ቤታችሁ ከቅሬው ወጥቷል።»

ተናደድኩ፤ እንዴት እንደተናደድኩ! ያቺ ኔሪት ከኔ ሌላ ማንም የላትም። እኔም ከጠረጴዛ ላይ ዕቃ እያነሳሁ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሷ ሌላ ማንም አልነበረኝም። ሞቷን የጻፍኩት እያለቀስኩ ነው። አሁን ሦስት ሰው ስለከፋቸው ብቻ «አልሆነም፣ ሁሉም ደጎች ነበሩ» ብዬ ልዋሽባት ነው? ግን ደግሞ እናቴን አየሁ። ያበጡ እግሮቿን፣ ነጠላዋን፣ ስንቱን ያጠቡ እጆቿን አየሁ። ቁጣዬን ዋጥኩት።

«እሺ» አልኩ። «አስተካክላለሁ።»

«ተቀመጪ ሐያት።» እናቴ ናት። ድንጋዩን ተደግፋ እየተነሳች ነበር።

«እማ ተይው፣ እኔ…»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ተቀመጥኩ።

«አያ ይመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ብትጽፈው፣ ነካችኋት ማለት ነው?»

አያ ይመር ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«ለልጄ የነገርኳት ነገር የለም። ሀቁን አላህ ያውቃል። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ አክስቷ ዘንድ ልኬያት ነበር። እስከ ዛሬም ትንፍሽ ያልኩት ሰው የለም። እናንተ ራሳችሁ ናችሁ በራሳችሁ አፍ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያላችሁት። ማን ጠራችሁ?»

ከዚያ ነገረቻቸው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር እኩል ሰማሁ።

ከላይ ከአምባሰል የመጣች ልጅ ነበረች። ዓረብ ሀገር ከርማ ታማ ተመለሰች፤ አገሯ መግባት አፍራ እዚሁ ሰፈራችን ቤት ተከራየች። ያኔ ሰው ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚፈራው በሽታ ነው ተባለ። ስትሞት ጥሩምባ አልተነፋም፤ አያ ይመር «ይጋባል፣ ማንም እንዳይሄድ» ብለው ከለከሉ። እትዬ ዘምዘም ያኔ ዋና አጣቢ ነበሩ፤ «አልነካም» ብለው ከደጃፏ ተመለሱ። የቅሬው ቃሬዛ በአቶ ሙሄ ግቢ ይቀመጥ ነበር፤ እናቴ ልትወስድ ስትሄድ በሩን ቆለፉባት።

«ብቻዬን አጠብኳት» አለች እናቴ። «ብቻዬን ከፈንኳት። ሁለት ሰው ጀናዛ ይዞ የመቃብሩን ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ…»

«ስለዚህ በታንኳዬ ወሰድናት» አሉ አባባ አስፋው ተቀምጠው እንዳሉ። «በሐይቁ ዳር ዞረን። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። ሶላቱን አላውቅበት፤ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ለምነን ሰገደላት። ጥሩ ሰው ነበር።»

እትዬ ዘምዘም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አቶ ሙሄ ተቀመጡ። አያ ይመር ግን የለመዱትን ቁጣ አልተዉም። ጣታቸውን ወደ እናቴ ቀሰሩ።

«ፋጡማ! አጣቢ ያየችውን አትናገርም! የሟች ምስጢር አማና ነው፣ አደራ ነው። ዛሬ አማናሽን በላሽ! ከዚህ የበለጠ ከቅሬ የሚያስወጣ ጥፋት የለም!»

ሕጉ እውነት ነው። አጣቢ ሴት ከጀናዛ ላይ ያየችውን ይዛ ትቀበራለች እንጂ አትናገርም፤ እናቴ በዚህ ምስክር የማያሻት ሴት ናት። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ፣ በምትኮራበት በአንዲቱ ነገር መቷት።

እናቴ ግን ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ከገላዋ ላይ ያየሁትን አልተናገርኩም፣ ወደፊትም አልናገርም። የተናገርኩት የናንተን ጀርባ ነው፤ ያየሁት እሱን ነው። ለጀርባችሁ አማና አልገባሁም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ከቅሬ ብታስወጡኝም ባታስወጡኝም አሁን ሁላችሁም ስሙኝ፣ ኑዛዜዬ ነው። ስሞት የሚያጥበኝ አላህ ያዘጋጃል። እነዚህ ሦስቱ ግን እንዳይነኩኝ። ይመር አፈር እንዳይጥልብኝ፣ ሙሄ ቃሬዛዬን እንዳይዝ፣ ዘምዘም ውኃ እንዳታፈስብኝ። ሐያት፣ ተነሽ እንሂድ።»

እናቴ አያ ይመርን ያለ «አያ» ስትጠራ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ክንዷን ይዤ ከመሐላቸው ወጣን። ማንም አልከለከለንም። ዳገቷ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ ሳይ ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ይበተን ነበር፤ አያ ይመር ብቻቸውን ግራሩ ሥር ቀርተዋል።

ፍርዱስ ምን ሆነ? ምንም። ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጠረ፣ በሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ነው ተባለ፣ ከዚያ ማንም አላነሳው። ከቅሬም አልወጣን፣ ይቅርታም አልተጠየቅን። የኛ ሰው ሲያፍር እንዲህ ነው፤ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ድሮም ያልነበረ ይሆናል። ይህ ያናድደኛል። ከክሱ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለ ራሴ የምላችሁ ይህን ነው። ዓረብ ሀገር ሆኜ ያቺን ኔሪት ሳስባት፣ እንዲህ ያለ ጭካኔ ሰው ዘንድ ስለማይሆን ሌላ ዓለም ላይ ላድርገው ብዬ ነበር። የኔ ሰፈር ሰው ደግ ነው፣ ሞቶ የሚተው የለም፣ ስለዚህ ስድስት እጅ ልስጣቸው፣ አፋቸውን ልንሳቸው፣ ሁለት ፀሐይ ላብራባቸው አልኩ። እንግዶችን ፍለጋ ያን ያህል ርቄ ሄጄ የደረስኩት እናቴ ደጃፍ ነው። እናንተ የምታነቡኝ ልጆች፣ በተለይ እዚያ ያላችሁ፣ «ይሄ ገጸ ባሕርይ እገሌ ነው አይደል?» እያላችሁ አትጻፉልኝ። እኔ ማንንም አልጻፍኩም። ራሱን ያየ ሰው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከኔ ጋር ሳይሆን ካየው ነገር ጋር ይጨርስ። ያቺንም ክፍል አልቀየርኳትም። እንደጻፍኳት አለች።

እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሰሞን አያ ይመር ቤታችን መጡ። ከዚያች እሁድ ወዲህ ደጃችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። አርጅተዋል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች «ይግቡ» አለቻቸው፣ አንቱታዋን ሳትቀንስ። በርጩማ አቀረብኩላቸው።

«ፋጡማ» አሉ፤ «ሰው ኑዛዜሽን እያነሳ ያሳፍረኛል። እኔም ወደ ሞት እየሄድኩ ነው፣ አንቺም እንደዚያው። ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ፣ ቃልሽን አንሺልኝ።»

እኔ ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። አልተወችውም።

«አነሳለሁ» አለች። «ግን አውፍታው የኔ ብቻ አይደለም፣ የሷ ነው። እስቲ ስሟን ይንገሩኝ።»

አያ ይመር አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ እናቴ ነግራኝ እንደማውቀው ገብቷቸዋል። እኔም አየኋቸው። አልነገርኳቸውም።

«ያቺ ልጅ…» አሉ።

«ስሟን ነው የጠየቅኩዎት። አምባሰል ዘመድ አላት፣ እናቷ አለች። ሄደው ጠይቀው ይምጡ። ያን ጊዜ አነሳልዎታለሁ።»

በትራቸውን ይዘው ወጡ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

እናንተም ስሟን መስማት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ልጽፈው ስልኬን ስንት ጊዜ አንስቻለሁ። ግን ይህን የምጽፈውን ሁሉ ለአያ ይመር ልጆቻቸው እያነበቡላቸው እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ እዚህ አያገኙትም። መንገዱ ክፍት ነው፣ ሚኒባሱም አለ። ሄደው እናቷን ይጠይቁ።